የድምፅ ወጪና ገቢ

በገደል አፋፍ ቆሞ የተጣራ እረኛ ያወጣው ድምፅ ከማዶ ተመትቶ ሲመለስለት ያዳምጣል። የተመለሰው ድምፅ የራሱ ነው፤ ነገር ግን እንደ ወጣ አልተመለሰም። ዘግይቷል፤ ለስልሷል፤ የገደሉንም ስፋትና ጥልቀት ይዞ መጥቷል። አባቶቻችን ይህን የገደል ማሚቶ ብለው ጠሩት። እረኛው አያስበው እንጂ በዚያች ቅጽበት የሆነው ነገር በታላላቅ የድምፅ መቅረጫ ክፍሎች ውስጥ ባለሙያዎች ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም የሚያወጡበት ሥራ ነው። ይኸውም ድምፅን ከቤቱ አውጥቶ ወደ ሌላ ስፍራ መላክ፣ በዚያ መልኩ እንዲለወጥ ማድረግ፣ ሲመለስም ተቀብሎ ከቀረው ድምፅ ጋር ማዋሐድ ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ወደ ሌላ ክፍል ይወጣል፤ አስተያየት ተጨምሮበትም ይመለሳል። የወጣው በጊዜው ካልተመለሰ ጉዳዩ ይቆማል፤ የተላከለት ክፍል ጽሕፈቱን ማንበብ ካልቻለ መላኩ ከንቱ ድካም ይሆናል፤ ከመንገድ የጠፋ እንደ ሆነም ባለጉዳዩ ይጎዳል። የድምፅም ወጪና ገቢ እንደዚሁ በሦስት ነገሮች ላይ የቆመ ነው፤ እነርሱም ጊዜን መጠበቅ፣ በአንድ ቋንቋ መግባባትና የተላከውን በአደራ መያዝ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ድምፅ በአንዲት ሽቦ ከጀመረው ጉዞ ተነሥቶ ዛሬ ብዙ መሣሪያዎችን ወደሚያያይዘው መረብ እንዴት እንደ ደረሰ፣ ሦስቱም ነገሮች በየዘመኑ እንዴት እንደ ተፈተኑ በአጭሩ ማስረዳት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ድምፅን ከተወለደበት ስፍራ አርቆ በሽቦ የመላክ ታሪክ ከቴሌፎን ጋር የተያያዘ ነው። በ1881 በፓሪስ ከተማ ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ትርኢት በተከፈተ ጊዜ፣ መሴ ክሌማን አዴር የተባሉት ፈረንሳዊ መሐንዲስ በኦፔራ ቤቱ መድረክ ፊት በግራና በቀኝ ማይክሮፎኖችን ተከሉ፤ ከዚያም ሽቦ አዘርግተው ዜማውን 2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወደሚገኘው የትርኢት አዳራሽ አደረሱት። ጎብኚው በየጆሮው አንዳንድ የቴሌፎን ማዳመጫ ይዞ ሲያዳምጥ፣ ዘፋኙ በመድረኩ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ሲራመድ በድምፁ ብቻ ይለየው ነበር። ነገሩ ሕዝብን ስላስደነቀ በ1890 ቴአትሮፎን የተባለ ኩባንያ ተቋቁሞ የኦፔራና የቴአትር ድምፅ ለደንበኞች በቴሌፎን ሽቦ ሲያከፋፍል እስከ 1932 ቈየ። ሆኖም በዚያ ዘመን ሽቦው ያገለገለው ለመንገድነት ብቻ ነበር፤ ድምፁን በማዶ ተቀብሎ የሚያርም እጅ ገና አልነበረም።

ያ እጅ በ1933 ተገኘ። አፕሪል 27 ቀን የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ በራሱ ከተማ በሙዚቃ አካዳሚው አዳራሽ በአሌክሳንደር ስሞለንስ መሪነት ሲጫወት፣ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲሶች ድምፁን በሦስት ማይክሮፎኖች ተቀብለው በሦስት የቴሌፎን መስመሮች 200 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ወደ ዋሽንግተን ላኩት። የሥራው አለቃ ሚስተር ሃርቪ ፍሌቸር ነበሩ። በዋሽንግተን በሕገ መንግሥት አዳራሽ የተቀመጠው ሕዝብ በፊቱ አንድም ሙዚቀኛ ሳያይ ከሦስት የድምፅ ማጉያዎች ሙሉውን ኦርኬስትራ ሰማ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የኦርኬስትራው ዋነኛ መሪ ሊዮፖልድ ስቶኮቭስኪ በዚያ ምሽት ከሙዚቀኞቻቸው ጋር አለመሆናቸው ነው። እርሳቸው የተቀመጡት በዋሽንግተን አዳራሽ በመቈጣጠሪያው ፊት ነበር፤ የየመስመሩን ድምፅ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ሙዚቃውን መልክ ይሰጡት ነበር። ዜማው በአንድ ከተማ ተወልዶ መልኩ በሌላ ከተማ ተሠራ። ዛሬ በመረብ የሚደረገው ሥራ ሁሉ የዚያ ምሽት ልጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ከከተማ ወደ ከተማ መሄዱን ለጊዜው ትቶ ወደ መቅረጫ ክፍሉ ውስጥ ገባ። በ1947 በቺካጎ ሚስተር ቢል ፑትናም የተባሉት ወጣት መሐንዲስ ሃርሞኒካትስ የተባሉትን የሃርሞኒካ ተጫዋቾች ሲቀርጹ፣ ዜማው ደረቅ ሆኖ ስለ ተሰማቸው ገደል ማሚቶ እንዲኖረው አሰቡ። ገደል በከተማ መካከል አይገኝምና የመታጠቢያ ቤቱን መረጡ። በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ የድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን አኖሩ፤ ዜማውን በሽቦ ወደ ማጉያው ላኩ፤ በሸክላው ግድግዳ እየተመታ ያስተጋባውንም በማይክሮፎኑ መልሰው ከመጀመሪያው ጋር ቀላቀሉት። «ፔግ ኦ ማይ ሃርት» የተባለው ያ ዘፈን በአሜሪካ እጅግ የተወደደ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ በየስቱዲዮው ለማስተጋባት ብቻ የሚያገለግሉ ባዶ ክፍሎች ተፈለጉ። በ1956 በሆሊውድ የካፒቶል ኩባንያ ክብ ሕንፃ ሲሠራ፣ ጊታር ተጫዋቹና የብዙ መሣሪያ ፈልሳፊው ሌስ ፖል በነደፉት መሠረት ከመሬት በታች 9 ሜትር ያህል ተቈፍሮ የኮንክሪት ማሚቶ ክፍሎች ተሠሩ።

ነገር ግን ምድር መቈፈር ለሁሉ የሚቻል አይደለም። ስለዚህ በ1957 ኢ.ኤም.ቲ. የተባለው የጀርመን ኩባንያ ክፍሉን በብረት ተካው። 2 ሜትር በ1 ሜትር የሚያህል ስስ የብረት ሰሌዳ በማቀፊያ ላይ ተወጥሮ ድምፁ ሲላክለት ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ተመልሶ ወደ ድምፅ ይለወጣል። መሣሪያው ከነሣጥኑ 270 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ብዙውን ጊዜ በሌላ ክፍል ወይም በምድር ቤት ይቀመጥ ነበር፤ ከስቱዲዮው ጋር የሚያገናኘውም ሽቦ ብቻ ነበር። በመሐንዲሱ ፊት ደግሞ ብዙ ቀዳዳዎች ያሉት የመሰኪያ ሰሌዳ ቆመ። አንዱን ገመድ በአንዱ ቀዳዳ ሰክቶ ድምፁን ይልካል፤ ሌላውን ሰክቶ ይቀበላል። ይህ ሰሌዳ የስቱዲዮው መዝገብ ቤት ነበር ለማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ታላቅ ለውጥ የመጣው ድምፅ ወደ ቁጥር በተለወጠ ጊዜ ነው። የድምፅን ሞገድ በየሰከንዱ ብዙ ሺሕ ጊዜ ለክቶ ልኩን በቁጥር መጻፍ ከተቻለ በኋላ፣ ክፍሉንም ሆነ ብረቱን በስሌት መተካት ተቻለ። ያው የጀርመን ኩባንያ በ1976 ኢ.ኤም.ቲ. 250 የተባለውን የመጀመሪያውን የቁጥር ማስተጋቢያ ለገበያ አቀረበ። ሃያ ዓመት ቈይቶ በ1996 በሃምቡርግ የሚገኘው ስታይንበርግ ኩባንያ ቪ.ኤስ.ቲ. የተባለውን ሥርዓት አወጣ። በዚህ ሥርዓት ማስተጋቢያውም፣ ድምፅ ሲበረታ የሚያለዝበውም መሣሪያ፣ ሌላውም ሁሉ በኮምፒዩተር ውስጥ ፕለግ ኢን ሆኖ ገባ፤ ይኸውም በዋናው የመቅረጫ ፕሮግራም ላይ የሚሰካ ታናሽ ፕሮግራም ማለት ነው። ሥርዓቱ ለሌሎች ኩባንያዎች ክፍት ስለ ሆነ ብዙዎች የየራሳቸውን ፕለግ ኢን ሠሩ። ቀድሞ አንድ ቤት ይሞላ የነበረ ዕቃ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተሰበሰበ።

እዚህ ላይ ግን ያልታሰበ ችግር ተነሣ። የመሣሪያው ሁሉ ሸክም በአንድ ኮምፒዩተር ትከሻ ላይ ወደቀ። መሐንዲሱ ዐሥሩን ፕለግ ኢን ሲሰካ ማሽኑ ይሠራል፤ ሃያውን ሲሰካ ያቃስታል፤ ሠላሳውን ሲሰካ ድምፁ ይቈራረጣል ወይም ይቆማል። ድምፅ ከቤቱ ወጥቶ ይሠራበት የነበረው ልማድ እንደ ገና የተፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ጋር አንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር አለ። ሚስተር ፑትናም በ1989 ዓረፉ፤ ልጆቻቸው ግን የአባታቸውን ኩባንያ ዩኒቨርሳል ኦዲዮን በ1999 እንደ ገና አቋቋሙ፤ በ2001ም ዩ.ኤ.ዲ. 1 የተባለውን ሰሌዳ አወጡ። ይህ ሰሌዳ በኮምፒዩተሩ ሆድ ውስጥ ይግባ እንጂ የራሱ ማስሊያ ስላለው የፕለግ ኢንን ሸክም ከዋናው ማስሊያ ላይ ያነሣል። በእርሱም ላይ ከሚሠሩት ፕለግ ኢኖች አንዱ አባትዬው በ1967 ያወጡት 1176 የተባለው ድምፅ ማለዘቢያ ነበር፤ አሁን ግን በስሌት ተመስሎ ነው። አባት ዜማውን ወደ መታጠቢያ ቤት ላኩ፤ ልጆች ወደ ማስሊያ ሰሌዳ ላኩ፤ ወጪና ገቢው ግን አልተለወጠም።

ከሰሌዳ ወደ ሁለተኛ ኮምፒዩተር መሻገር ቀጥሎ መጣ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ስታይንበርግ የአንድን ስቱዲዮ ኮምፒዩተሮች በቁጥር ድምፅ መስመር አያይዞ በአንድነት የሚያሠራ መንገድ ሰጠ። አፕል ኩባንያ በ2004 ከሎጂክ ፕሮ 7 ጋር ሎጂክ ኖድ የተባለውን አወጣ፤ በዚህም አንዱ ኮምፒዩተር የፕለግ ኢንን ስሌት በመረብ ገመድ ወደ ሌላው ልኮ ውጤቱን ይቀበላል። በ2009 ደግሞ ከቪየና ቪየና ኢንሴምብል ፕሮ ወጣ፤ የፊልም ዜማ ደራሲዎች የኦርኬስትራውን መሣሪያዎች በብዙ ኮምፒዩተሮች አከፋፍለው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ያዝዟቸው ጀመር። በ2010 አካባቢም በእስራኤል አገር የሚገኘው ዌቭስ ኩባንያ ሳውንድግሪድ የተባለውን ሥርዓት አቀረበ፤ በዚህም ፕለግ ኢን የሚያሰላ ማሽን ለብቻው ተቀምጦ ከመቈጣጠሪያው ጋር በመረብ ገመድ ይገናኛል።

ይህ መረብ ምንድን ነው? መሠረቱ በ1973 በካሊፎርኒያ በዜሮክስ የምርምር ማእከል ሚስተር ሮበርት ሜትካፍ ያሰቡት ኤተርኔት ነው። በመጀመሪያ የታሰበው ለቢሮ ኮምፒዩተሮችና ለጽሕፈት ማተሚያዎች እንጂ ለዜማ አልነበረም። መረጃው በእሽግ በእሽግ ይከፋፈላል፤ በየእሽጉ ላይ የላኪና የተቀባይ አድራሻ ይጻፍበታል፤ ከዚያም ይላካል። የቢሮ ደብዳቤ ጥቂት ቢዘገይ አይበላሽም፤ ድምፅ ግን የሰከንድ ክፋይ ሲዘገይ ይበላሻል። በስቱዲዮ ድምፅ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ቢለካና እያንዳንዱ ልክ በ24 የሁለትዮሽ አኃዞች ቢጻፍ፣ ለአንድ ማይክሮፎን ብቻ በየሰከንዱ 1,152,000 አኃዞች ይጓዛሉ፤ ለ64 ማይክሮፎኖች ወደ 74 ሚሊዮን ይጠጋሉ። በሰከንድ አንድ ሺሕ ሚሊዮን አኃዝ የሚያሳልፍ ገመድ ይህን ሸክም ይችላል። እንግዲህ አስቸጋሪው ብዛቱ ሳይሆን በሰዓቱ መድረሱ ነው።

የዚህን ምክንያት በምሳሌ ላስረዳ። ኮምፒዩተር ድምፅን አንድ በአንድ አይሠራም፤ ጥቂት ልኮችን አጠራቅሞ በአንድነት ይሠራል። 256 ልኮችን የሚያጠራቅም ከሆነ 5.3 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል፤ ሚሊ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ሺሕኛ ነው። ለመውጣትም ለመግባትም ይህን ያህል ቢፈጅ 10.7 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛልና፣ ይህ መዘግየት ዘፋኙ ከራሱ አፍ ከ3 ሜትር ተኩል በላይ ርቆ እንደ ቆመ ሆኖ ራሱን እንዲሰማ ያደርገዋል። በአጥንቱ ውስጥ ያለው ድምፅ አሁን ይላል፤ በማዳመጫው የሚመጣው ቈይ ይላል፤ ዘፋኙም በሁለቱ መካከል ይሰናከላል። ዜማው አስቀድሞ ተቀርጾ ካለቀ ግን ፕሮግራሙ የቀደሙት ድምፆች የዘገየውን እንዲጠብቁ አድርጎ ሁሉን በአንድነት ያሰልፋቸዋል። ስለዚህ ብልህ መሐንዲስ ሰው በሚዘፍንበት ሰዓት መንገዱን ያሳጥራል፤ ረጅሙን ወጪና ገቢ ለኋላ ያቈየዋል።

ከመዘግየት ሌላ ደግሞ የሰዓት አለመግጠም አለ። የአንዱ መሣሪያ ሰዓት በሰከንድ 48,000 ጊዜ ሲቈጥር የሌላው 48,001 ጊዜ ቢቈጥር፣ በየሰከንዱ አንዲት ልክ ትተርፋለች፤ ያችም ትርፍ እንደ ጠጠር ቀጭ የሚል ድምፅ ታመጣለች። ይህን ለማስተካከል የሚያገለግል ኢ.ኢ.ኢ.ኢ. 1588 የሚባል የሰዓት ማስተካከያ ደንብ በ2002 ወጣ። በዚህ ደንብ በመረቡ ላይ ያሉት መሣሪያዎች ከመካከላቸው አንዱን የሰዓት አለቃ አድርገው ይመርጣሉ፤ ሌሎቹም መልእክቱ በመንገድ የቈየበትን ጊዜ እየቀነሱ ሰዓታቸውን ከእርሱ ጋር ከሚሊዮንኛ ሰከንድ በታች በሆነ ልዩነት ያስማማሉ። አለቃው ቢጠፋ ሌላ ይመረጣል፤ ሥራውም አይቆምም።

ጊዜ ከተጠበቀ በኋላ የቋንቋ ፈተና መጣ። በ1996 በአሜሪካ ኮሎራዶ ፒክ ኦዲዮ የተባለው ኩባንያ ኮብራኔት የተባለውን የድምፅ መረብ አወጣ። በ2006 በአውስትራሊያ በሲድኒ ኦዲኔት ኩባንያ ተቋቁሞ ዳንቴን አመጣ። በ2010 ከጀርመን ራቬና መጣ። ሁሉም በአንድ ዓይነት ገመድ ድምፅን ያመላልሳሉ፤ ነገር ግን አንዱ የሌላውን አይሰማም ነበር። ስቱዲዮው ከአንዱ ኩባንያ መቈጣጠሪያ ከሌላውም ማይክሮፎን መቀበያ ቢገዛ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደ ባቢሎን ግንበኞች ሳይግባቡ ይቀራሉ። ይህ ነገር ለገዢው ትልቅ ጉዳት ነው፤ አንድ ጊዜ የመረጠውን ኩባንያ እንደ ወደደም እንደ ጠላም እንዲከተል ይገደዳልና። በ1948 በኒው ዮርክ የተመሠረተው የድምፅ መሐንዲሶች ማኅበር ይህን አይቶ፣ በ2013 ኤ.ኢ.ኤስ. 67 የተባለውን የጋራ ደንብ አወጣ። ደንቡ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ቋንቋ እንዲተው አላስገደደም፤ ከጎረቤቱ ጋር ሲነጋገር የሚጠቀምበትን አንድ የጋራ ቋንቋ ግን ሰጠው። ኩባንያዎችም በየተራቸው ተቀበሉት።

ስለ ገመድና ስለ ሰዓት ይህን ያህል ስንናገር ሰውን መርሳት አይገባንም። በ1993 ዝነኛው ዘፋኝ ፍራንክ ሲናትራ በ77 ዓመታቸው «ዱዌትስ» የተባለውን አልበም በካፒቶል ስቱዲዮ ቀረጹ። ሥራውን የመሩት ሚስተር ፊል ራሞን ነበሩ። ከሲናትራ ጋር ሁለት ሁለት ሆነው የዘፈኑት ዘፋኞች ግን አብረዋቸው በክፍሉ ውስጥ አልነበሩም፤ ድምፃቸው በሌላ ጊዜና በሌላ ስፍራ ተቀረጸ፤ አንዳንዱም በቁጥር ቴሌፎን መስመር ከሩቅ ተላከ። አልበሙ በብዛት ተሸጠ። ሆኖም ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ የሚዘፍኑት ዘፈን የልብ ለልብ ንግግር ሊሆን አይችልም ብለው የነቀፉት ነበሩ። እኔ እንደሚመስለኝ ነቀፋውም ውዳሴውም እውነት አለው። መረብ ሩቁን ያቀርባል፤ ቀርቦ ለመተያየት የሚሆነውን ፍቅር ግን ከራሱ አውጥቶ አይሰጥም፤ እርሱን ይዘው መምጣት ያለባቸው ዘፋኞቹ ናቸው።

የቀረው ሦስተኛው ነገር አደራ ነው። ከዚህ በላይ የጠቀስኩት ሎጂክ ኖድ በ2013 በወጣው ሎጂክ ፕሮ 10 ውስጥ አልተካተተም፤ በእርሱ ላይ ተማምነው የሠሩ ሰዎች አዲሱን ፕሮግራም ሲወስዱ ሌላ መንገድ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ነገሩን ልብ ብለን እንመልከተው። የማስተጋቢያ ክፍል ኮንክሪት ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላም ቆሞ ይገኛል። የብረት ሰሌዳም ቢዝግ ይጠረጋል። ፕለግ ኢን ግን በሌላ ማሽን ላይ በሌላ ኩባንያ ፈቃድ የሚኖር ስለ ሆነ፣ ማሽኑ ሲያረጅ ወይም ኩባንያው ሥራውን ሲተው የዜማው መልክ አብሮት ይጠፋል። የዘፋኙ ደረቅ ድምፅ በመዝገብ ይገኛል፤ መሐንዲሱ ያለበሰው ልብስ ግን አይገኝም። የወጣው ሳይመለስ ቀረ ማለት ይህ ነው።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም፤ ትጋትን ብቻ ይጠይቃል። ጥንቁቅ መሐንዲስ ከውጭ መሣሪያ ተሠርቶ የተመለሰውን ድምፅ ለብቻው ቀርጾ ያስቀምጣል፤ ያልተሠራበትንም ከጎኑ ያኖራል፤ በምን መሣሪያና በምን ልክ እንደ ሠራውም በወረቀት ይጽፋል። ይህ ትምህርት ለስቱዲዮ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። በትምህርት ቤት፣ በራዲዮ ጣቢያም ሆነ በማናቸውም መሥሪያ ቤት የሽማግሌ ቃል፣ የመምህር ትምህርት ወይም የአዝማሪ ዜማ የሚቀርጽ ሰው ሁሉ፣ ነገ የሚከፍተው ሰው የዛሬው ማሽን በእጁ እንደማይኖር ማሰብ ይገባዋል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገርም በዚህ ተረት ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን «ቢያብር» የሚለውን ቃል ልብ ማለት ያስፈልጋል። የመረቡ ክሮች ከሁለት ትውልድ በፊትም ነበሩ፤ ብርታት ያገኙት በአንድ ሰዓት ለመሥራትና በአንድ ቋንቋ ለመነጋገር በተስማሙ ጊዜ ነው። እረኛው ወደ ገደሉ ሲጣራ መልሱ እንደሚመጣ ያምናል፤ ገደሉ ከስፍራው አይነሣምና። እኛም ድምፃችንን ወደ ሩቅ ማሽን ስንልክ እንደ ገደሉ ጸንቶ የሚቆይ ደንብና አደራ ጠባቂ ሰው በማዶ መኖሩን አስቀድመን ማረጋገጥ ይገባናል።